ለሌቭል ኤዲተር የራስን የእንቆቅልሽ ዕቃ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ላይ ከተማሪዎች ጋር ተሰባስበን ጌም እንሠራለን። የጌማችን ሐሳብ ቀላል ነው፤ አንድ ተሸካሚ በሰኞ ገበያ ጠባብ መተላለፊያዎች ጆንያ እየገፋ ቦታ ቦታው ያደርሳል። የጌሙ ደረጃዎች (ሌቭሎች) የሚሠሩበትን ኤዲተር ለሁሉም ክፍት ካደረግነው ወዲህ ግን ልጆቹ ሌቭል መሥራት ብቻ አልበቃቸውም፤ "የራሴን ዕቃ ልጨምርበት" ይላሉ። ኮምቦልቻ ያሉትም በቴሌግራም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። አንዱን መልስ ደጋግሜ ከምልክ ሁሉንም እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት። የዓመተ ምሕረቶቹ አቆጣጠር በሙሉ የአውሮፓውያን ነው።

"የእንቆቅልሽ ዕቃ" ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

ደንብ ማለታችን ነው። ሥዕሉ የደንቡ ልብስ ነው። ግንብ ማለት "ማንም አያልፍብኝም" የሚል ደንብ ነው፤ ጆንያ "ከኋላዬ ከገፋኸኝና ፊቴ ባዶ ከሆነ አንድ ካሬ እሄዳለሁ" የሚል ደንብ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጌም አባት የሆነው ሶኮባን በሂሮዩኪ ኢማባያሺ እጅ በ1981 ተፈጥሮ በ1982 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ የነበሩት ነገሮች አራት ብቻ ነበሩ፦ ግንብ፣ ሳጥን፣ ሳጥኑ የሚቀመጥበት ምልክትና ገፊው ሰው። በእነዚህ አራቱ እስከ ዛሬ አዲስ ሌቭል ይሠራል።

ስለዚህ "አንበሳ ልጨምር" ለሚለኝ ልጅ የምመልስለት ጥያቄ አንድ ነው፦ አንበሳው ምን ያደርጋል? ግንብ የማያደርገውን አንድ ነገር ካላደረገ፣ አንበሳ የሚመስል ግንብ ሠራን ማለት ነው።

ጥሩ ዕቃን ከመጥፎው በምን እለያለሁ?

ልጅ ሆነን "እንቆቅልህ" ሲሉን "ምን አውቅልህ" ብለን ስንቀመጥ የምንጠብቀውን አስቡ። "ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?" አቅቶን አገር ሰጥተን "ወንዝ" ሲባል ራሳችንን የምንይዘው፣ መልሱ መጀመሪያውኑ ከጥያቄው ውስጥ ስለነበር ነው። ማንም አላታለለንም። ዕቃም እንደዚያ ነው። ተጫዋቹ ሲሸነፍ "ይህን እኮ አይቼው ነበር" ካለ ዕቃው ጥሩ ነው፤ "ይህን በምን ላውቅ እችል ነበር?" ካለ ግን ጥፋቱ የሠሪው ነው።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ልማድ አለን። አዲስ ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይበት ሌቭል እንዲህ ጠባብ መሆን አለበት፦ ተጫዋቹ ሌላ ምርጫ አጥቶ ዕቃውን ይነካዋል፣ የሚሆነውን ያያል፣ ምንም አይከስርም።

ከየት ልጀምር? ከሥዕሉ ወይስ ከኮዱ?

ከስኩዌር ደብተርና ከቆርኪ። በእውነት ነው የምለው። ዳማ የምንጫወትበት ቆርኪ ለጆንያ ይሆናል፤ ግንቡን በእርሳስ ማጥቆር ነው፤ አዲሱን ዕቃ በቁራጭ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጋችሁ ካሬው ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ጓደኛችሁ ይጫወት፣ እናንተ ኮምፒውተሩን ሁኑ። ጓደኛችሁ ቆርኪውን በገፋ ቁጥር "አሁን ምን ይሆናል?" የሚለውን የምትመልሱት እናንተ ናችሁ። ሁለት ጊዜ ለተመሳሳይ ነገር የተለያየ መልስ ከሰጣችሁ ደንቡ ገና አልበሰለም፤ ያልበሰለ ደንብ ደግሞ ኮድ ሲሆን አይበስልም። መብራት በሌለበት ሰዓትም የሚሠራ ዘዴ ነው።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፤ የትኛው ሶፍትዌር ይሆነኛል?

አብሽሩ፣ ለዚህ ዓይነት ጌም ውድ ኮምፒውተር አያስፈልግም። እኛ የምንጠቀመው ጎዶት የሚባለውን የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ከ2014 ጀምሮ የተሠራበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም፤ የሠራችሁትን ብትሸጡም ድርሻ አይጠይቅም። አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ከሦስቱ የሥዕል አሠራሮች "ኮምፓቲቢሊቲ" የሚለውን ምረጡ፤ ለአሮጌ ማሽንና ለስልክ የታሰበው እሱ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው ትምህርቶች ብዙዎቹ ካሬዎቹ የሚደረደሩበትን "ታይልማፕ" የሚለውን ኖድ (የጎዶት የሥራ ክፍል) ያሳያሉ፤ ከጎዶት ስሪት 4.3 ጀምሮ ግን፣ ማለትም ከ2024 ወዲህ፣ በእሱ ቦታ የገባው "ታይልማፕሌየር" ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ከእናንተ ስክሪን ጋር አልገጥም ካለ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ደንቡን ብቻ ቶሎ መሞከር ለሚፈልግ ደግሞ ስቴፈን ላቬል በ2013 ያወጣው ፐዝልስክሪፕት አለ። ብራውዘር ላይ ይሠራል፤ "ሰው ጆንያ ሲገፋ ጆንያው ይሄዳል" ዓይነቱን ደንብ በአንድ መስመር ትጽፉለታላችሁ።

አንድ ዕቃ ከሐሳብ እስከ ኤዲተር ሲደርስ በምሳሌ ብታሳዩን?

ቁልቁለትን እንውሰድ፤ ብዙ ያስተማረን እሱ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከአንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ሲወርዱ በሚኒባሱ መስኮት እያየ፣ "ጋሼ፣ እዚህ ላይ ጆንያ ቢለቀቅ የት ይቆማል?" አለኝ። ሁለቱ ከተሞች በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ፤ ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነበር።

መጀመሪያ የጻፍነው ደንብ ይህ ነው። ቁልቁለት ከአራቱ አቅጣጫ ወደ አንዱ ያዘቀዘቀ ካሬ ነው። ጆንያ ሲገባበት ወደ አዘቀዘቀበት አንድ ካሬ ይንሸራተታል። ቀጣዩም ቁልቁለት ከሆነ ይቀጥላል፤ ሜዳ ካገኘ እዚያው ይቆማል፤ ግንብ ወይም ሌላ ጆንያ ከገጠመው ቁልቁለቱ ላይ ተደግፎ ይቀራል። ሰው ግን አይንሸራተትም፣ ረግጦ ይወርዳል።

በደብተር ላይ ቆርኪው ጥሩ ሄደ። ኮድ ሆኖ በገባ በመጀመሪያው ቀን ግን አንዲት ልጅ ሁለት ቁልቁለቶችን ፊት ለፊት አጋጥማ አስቀመጠችና ጆንያውን ገፋችው። ጌሙ ቀጥ አለ። የግራው ወደ ቀኙ፣ የቀኙ ወደ ግራው ሲመልሰው ኮምፒውተሩ ማብቂያ የሌለው ሥራ ውስጥ ገባ። መፍትሔው ከራሱ ከቁልቁለት ባሕርይ ወጣ፦ ጆንያ ሽቅብ አይገፋም፤ ስለዚህ ወደ እሱ የሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ለጆንያው ግንብ ነው። ይህን ስንጨምር ፊት ለፊት የተጋጠሙት ሰላም ሆኑ።

ልጅቷ በሳምንቱ አራት ቁልቁለት በክብ አዘጋጅታ መጣች፦ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ። እዚህ ላይ ሽቅብ የሚሄድበት ቦታ ስለሌለ የሽቅቡ ደንብ አልጠቀመንም፤ ጌሙ እንደገና ቀጥ አለ። በመጨረሻ ያጸናነው ደንብ "ጆንያ በአንድ ተራ ውስጥ የረገጠውን ካሬ ሁለተኛ ሲረግጥ ይቆማል" የሚለው ነው። አሁን ያ ክብ በየተራው አንድ ዙር ዞሮ ቦታው ይመለሳል፣ ልጆቹም ለሌላ ሌቭል እንደ ሰዓት ይጠቀሙበታል።

ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ ጸጥ ያለ ነበር። ጆንያ በሌላ ጆንያ ተደግፎ ቁልቁለቱ ላይ ቆሟል እንበል። የደገፈው ሲነሳ ይንሸራተታል ወይስ እንደቆመ ይቀራል? ሁለቱም ይሆናል፤ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እኛ ይንሸራተታል አልን፤ መንሸራተቱ ግን የተጫዋቹ እርምጃ ካለቀ በኋላ ነው። ሁለት ጆንያዎች ከሁለት ወገን አንዱን ባዶ ካሬ ከፈለጉ ሁለቱም ባሉበት ይቆማሉ። እንዲህ ዓይነቱን ውሳኔ ለኮዱ ዕድል አትተዉለት። በዝርዝር ውስጥ ቀድሞ የተጻፈው ጆንያ ቀድሞ የሚሄድ ከሆነ፣ ተጫዋቹ የማያየው ምክንያት ውጤቱን ወሰነ ማለት ነው።

የመጀመሪያው የቁልቁለት ሌቭላችን ይህ ነው። ግ ግንብ፣ ሰ ሰው፣ ጆ ጆንያ፣ ቀ ወደ ቀኝ የሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት፣ መ መድረሻ፣ ነጥብ ደግሞ ባዶ ነው፦

ግግግግግግግግ
ግሰጆቀቀ.መግ
ግ......ግ
ግግግግግግግግ

ወደ ቀኝ አራት ጊዜ ሲሏት ያልቃል። የመጀመሪያው ግፊት ጆንያውን ሜዳው ድረስ ያወርደዋል፤ ተጫዋቹ ሳይደነግጥ ደንቡን በዓይኑ ያየዋል፤ ቀጥሎ ራሱ ወርዶ የቀረችውን አንድ ካሬ ይገፋል። ሰው እንደማይንሸራተትም በዚያው ተማረ።

ዕቃውን ወደ ኤዲተሩ የማስገባው እንዴት ነው?

እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ሲን (ሥዕሉና ስክሪፕቱ፣ ማለትም ኮዱ፣ አንድ ላይ የሚቀመጡበት የጎዶት ፋይል) ይኑረው፤ ከጎኑ ደግሞ ስሙን፣ በዝርዝሩ ላይ የሚታየውን ትንሽ ሥዕሉንና ሌቭል ሠሪው የሚቀይራቸውን ነገሮች የያዘ አንድ የሪሶርስ ፋይል ይቀመጥ። ለቁልቁለት የሚቀየረው አቅጣጫው ብቻ ነው። ኤዲተሩ እነዚህን ፋይሎች እያነበበ ዝርዝሩን ራሱ ይሠራል፤ አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር የኤዲተሩን ኮድ መንካት አይኖርም።

አንድ ወጥመድ አለ። ጎዶት ላይ ስትሠሩ ፎልደሩን ከፍቶ ፋይሎቹን መቁጠር ይሠራል፤ ጌሙን ኤክስፖርት ስታደርጉት፣ ማለትም ለተጫዋች እንዲሆን ስታወጡት፣ ግን የፋይሎቹ ስም ጫፍ ላይ "ሪማፕ" የሚል ቅጥያ ይገባና ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ይመጣል። ብዙ ሰው ፋይሉ የጠፋ ይመስለዋል። አልጠፋም። የዕቃዎቹን ስም በአንድ ፋይል ላይ ራሳችሁ ጻፉና ኤዲተሩ ከዚያ ያንብብ።

አዲስ ዕቃ ጨመርኩና የድሮ ሌቭሎች ተበላሹ። ምን ሆነ?

በእኛም ደርሷል፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ሌቭሉን ስናስቀምጥ ዕቃዎቹን በተራ ቁጥር ነበር የምንጽፈው፦ ግንብ 1፣ ጆንያ 2፣ መድረሻ 3። ቁልቁለት ሲመጣ ከግንብ ቀጥሎ ሁለተኛ ላይ አስገባሁት። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ተማሪ ክረምቱን ሙሉ የሠራቸውን ሌቭሎች ሲከፍት ጆንያው ሁሉ ቁልቁለት፣ መድረሻው ሁሉ ጆንያ ሆኖ ጠበቀው። የድሮውን ቅጂ ይዘን ስለነበር መለስንለት፤ ግን አንድ ቀን ሙሉ ልፋቴ ገደል ገባ ብሎ ነው ያደረው።

ዕቃን በቁጥር ሳይሆን በማይለወጥ ስም አስቀምጡ። በስክሪን ላይ የሚታየውን ስም እንደፈለጋችሁ ቀይሩ፤ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ስም ግን አንዴ ካወጣችሁት በኋላ አትንኩት። የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ደግሞ የአቀማመጡን ስሪት ቁጥር ይያዝ፤ ወደፊት ለውጥ ሲመጣ ኤዲተሩ የድሮውን ለይቶ ያነበዋል።

መርገጫን ከበር ጋር እንዴት ላገናኝ?

መርገጫ ስንል ሲረገጥ በር የሚከፍት ካሬ ነው፤ ሁለቱን ለማገናኘት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በመስመር ማገናኘት ነው፤ በ2012 ፖርታል 2 ለተባለው ጌም የወጣው ሌቭል መሥሪያ እንዲህ ነው፣ መርገጫውን ከበሩ ጋር ስታገናኙት ወለሉ ላይ የነጠብጣብ መስመር ይዘረጋል። ሁለተኛው በምልክት ነው፦ መርገጫውም በሩም አንድ ዓይነት ምልክት ካላቸው ይሰማማሉ። ስልክ ላይ ለሚሠራ ልጅ ሁለተኛው ይቀላል፤ እኛም የወሰድነው እሱን ነው።

ምልክቱ ቀለም ብቻ እንዳይሆን ግን አደራ። ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ ሰዎች አሉ፣ ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ ይበዛል፤ አብሮን የሚሠራ አንድ ልጅ ለሳምንታት "ይህ በር ተበላሽቷል" ሲለን ቆይቶ ነው የገባን። አሁን ቀለሙ ላይ ጥለት ጨምረንበታል፦ ባለ መስመር፣ ባለ ነጥብ፣ ባለ መስቀለኛ። ፊደል ለመጠቀም የምታስቡ ካላችሁ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ ላይ አታስገቡ። ልጆቹ እየተጠራሩ ሲጫወቱ "ሀ በር ተከፈተ" ሲባል የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

መመለሻ (የተሄደን እርምጃ ወደ ኋላ የሚመልሰውን) ለእያንዳንዱ ዕቃ ለየብቻ መጻፍ አለብኝ?

የለባችሁም። ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት የሜዳውን ሁኔታ በሙሉ ቀድታችሁ አስቀምጡ፤ 12 በ10 የሆነ ሌቭል 120 ካሬ ብቻ ነው፣ መቶ እርምጃ ብታስቀምጡ ማሽኑ አይሰማውም። በዕቃው በኩል ግዴታው አንድ ነው፦ የሚያስታውሰውን ሁሉ ከሜዳው ሁኔታ ጋር ያስቀምጥ። በሩ መከፈቱን በራሱ ስክሪፕት ደብቆ ከያዘ ተጫዋቹ ሲመልስ ጆንያው ተመልሶ በሩ ክፍት ይቀራል።

ሌቭሉ መፈታቱን በምን አረጋግጣለሁ?

ሠሪው ራሱ ተጫውቶ ሳይጨርስ ሌቭሉን መላክ እንዳይችል አድርጉ። በ2015 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ሜከር ይህን ግዴታ ያደረገው በምክንያት ነው።

በኮምፒውተር ማስፈታትም ይቻላል፤ ግን ልኩን እወቁ። 40 ባዶ ካሬና 2 ጆንያ ያለው ሌቭል ከሰውየው ቦታ ጋር 29,640 አቀማመጥ አለው፤ ይህ ለማሽን ምንም አይደለም። ጆንያውን 5 ስታደርጉት ግን ከ23 ሚሊዮን ያልፋል። ጆሴፍ ከልበርሰን በ1997 ሶኮባን ለኮምፒውተር እጅግ ከባድ ከሚባሉት የችግር ዓይነቶች አንዱ መሆኑን በሒሳብ አረጋግጧል። ስለዚህ ትንንሾቹን ለማሽን፣ ትልልቆቹን ለሰው።

ስንት ዕቃ ይበቃል?

ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ስድስት ዕቃ ካላችሁ እያንዳንዱ ከራሱና ከሌሎቹ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠሩ ጥንዶች 21 ናቸው። ሰባተኛ ስትጨምሩ ሰባት አዲስ ጥንድ ይመጣል፣ ሰባቱንም አንድ በአንድ መሞከር የእናንተ ሥራ ነው። ቁልቁለት ላይ በር ቢኖርስ? በር ሊዘጋ ሲል ጆንያ መሐል ቢሆንስ? ይህን በሠንጠረዥ ጽፋችሁ ሙሉ፤ ባዶ የቀረ ካሬ ካለ ስሕተቱ ያለው እዚያ ነው።

ከደሴ የተቀዳ ዕቃ ብትጠቁሙኝ?

ካሉን ውስጥ እኔ የምወደው "አይጠየፍ" ነው። ሌሎች መድረሻዎቻችን ይመርጣሉ፤ የማሽላው የማሽላ ጆንያ፣ የገብሱ የገብስ ጆንያ ብቻ ይቀበላል። አይጠየፍ ግን የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ስሙ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ካሠሩት የግብር አዳራሽ የተወሰደ ነው፤ ለወሎ ልጅ ማብራሪያ አያሻውም፣ ስሙ ራሱ ደንቡን ይነግረዋል። የእንቆቅልሹ ጣፋጭነት ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉን የሚቀበለውን ቦታ ቸኩሎ የሞላ ተጫዋች፣ መጨረሻ ላይ የትም የማይገባ ጆንያ ይዞ ይቀራል።

ጉም ብዙ ጊዜ ይጠየቃል፤ የደሴን ክረምት ለሚያውቅ መጠየቁ አይገርምም። ተጫዋቹ ፈጽሞ ያላየውን ካሬ የሚሸፍን ጉም አልቀበልም፤ ያ ግምት እንጂ እንቆቅልሽ አይሆንም። ሌቭሉ ሲከፈት ሁሉን አሳይቶ ከሦስት እርምጃ በኋላ የሚወርድ ጉም ግን ትውስታን ይፈትናል፣ እሱን ሥሩ።

አማርኛው ጽሑፍ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይታያል።

ጎዶት ይዞት የሚመጣው ፎንት ፊደላችን የለውም። እናንተ ኮምፒውተር ላይ ከዊንዶውስ ፎንት ተበድሮ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ብራውዘር ላይ ሲወጣ ግን የሚበደርበት የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ፕሮጀክቱ ውስጥ ጨምሩ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

መብራት ሲሄድ ሥራዬ ይጠፋል።

ኤዲተሩ በየደቂቃው ራሱ ያስቀምጥ። ሲያስቀምጥ ግን በድሮው ፋይል ላይ በቀጥታ አይጻፍ፤ አዲስ ፋይል ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ስሙን ይቀይር። መብራቱ መሐል ላይ ቢሄድ ቢያንስ የድሮው ደህና ይሆናል።

ሌቭልና ዕቃ በቴሌግራም ብንለዋወጥ ችግር አለው?

ሌቭል ያለ ስጋት ተለዋወጡ፤ ከላይ እንዳያችሁት ተራ ጽሑፍ ነው፣ በአንድ መልእክት ይገባል። ዕቃ ግን ይለያል። የጎዶት የሲንና የሪሶርስ ፋይል ውስጡ ስክሪፕት ሊይዝ ይችላል፤ ጌማችሁ ሲከፍተው ስክሪፕቱ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ከማታውቁት ሰው የመጣ ዕቃ አትክፈቱ። እኛ ዘንድ አዲስ ዕቃ የሚገባው ቅዳሜ፣ ሠሪው አጠገባችን ተቀምጦ ኮዱን አብረን ካነበብን በኋላ ነው፤ ከኮምቦልቻ መምጣት ላልቻለ ኮዱን በስልክ እያነበበልን እንከተለዋለን።